የተረገመው መስፍን ጠበቃ

በአንድ ወቅት ዋና ከተማ የነበረች ትንሽ ከተማ ሁሉ፣ ዋና ከተማነቷ ማብቃቱን የማይቀበል አንድ ሰው አላት። ሰውየው እንደማንኛውም ሰው ሚስት አለው፣ ድንች ይተክላል፣ ጡረታ ይቀበላል፤ ልቡ ግን ከሺህ ዓመት በፊት በተቋረጠ የዙፋን ክርክር ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፖሎትስክም አለ፣ ስሞለንስክም አለ። አውቶቡስ ስትጠብቅ አጠገብህ መጥቶ “የየት አገር ሰው ነህ?” ካለህ እሱ ነው። የሚጠይቅህ ሊተዋወቅህ አይደለም፤ የአያት ቅድመ አያቶችህ በየትኛው መስፍን ወገን እንደተሰለፉ ሊያጣራ ነው።

የቱሮቭ ከተማው ሰው አርሂፕ ናኡሞቪች ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በስፖርት አስተማሪነት ነው። የቱሮቭ ልጆች የአገራቸውን ታሪክ የተማሩት ከታሪክ አስተማሪው አይደለም፤ በአርሂፕ ናኡሞቪች ክፍለ ጊዜ፣ ሜዳውን እየዞሩ፣ ከኋላቸው በፉጨትና በመሳፍንት ስም እየተነዱ ነው። ወደኋላ የቀረውን ልጅ “ሩጫህ ከሉቤች ጦርነት የሸሸ ሰው ሩጫ ነው” ይሉት ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው፣ ዛሬ ጸጉሩ ሸብቶም ቢሆን፣ የጥንቱ የቱሮቭ መስፍን የልዑል ስቪያቶፖልክ ስም ሲነሳ ጎኑን ውግት ያደርገዋል።

ቪታል የአርሂፕ ናኡሞቪችን ልጅ ታይሳን ሲወድ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ሰውየው የማቀዝቀዣ መካኒክ ነው፤ ለሥራ ከፒንስክ መጥቶ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዲት ረጅም ሴት አየ፤ በሦስተኛው ወር ለምሳ ቤቷ ተጋበዘ። አርሂፕ ናኡሞቪች ገበታው ላይ የአሳማ ጮማ በስሱ እየቆረጡ፣ የማይቀረውን ጥያቄ ጠየቁት። ከፒንስክ ነኝ አለ። ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

“ፒንስክ” አሉ፣ ስለታመመ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው። “ግድ የለም። ፒንስክም የእኛ ነበረች። ልጅ ሆና ከቤት ወጣች፤ ምን ይደረጋል።” ከዚያ ወፈር ያለውን የጮማ ቁራጭ ወደ ቪታል ገፋ አደረጉለት። “አንተ እንኳን ተመልሰሃል።”

እማማ ኡልያና፣ ሚስታቸው፣ ይህ ማለት ልጁን ወደውታል ማለት እንደሆነ ወጥ ቤት ውስጥ ለታይሳ ነገሯት።

ቪታል ከዚያ ወዲህ በአማቹ ላይ ብዙ አየ። በሠርጉ ዋዜማ ጓደኞቹ ጠርሙስ ይዘው ሲመጡ፣ አርሂፕ ናኡሞቪች ጠርሙሱን ተቀብለው ጎተራ ውስጥ ቆለፉበት። ልዑል ስቪያቶፖልክ ሉቤች ላይ ከጠላታቸው ጋር የዲኒፐርን ወንዝ መሃል አድርገው ሦስት ወር ተፋጥጠው መቆየታቸውን፣ አንድ ሌሊት ከጭፍሮቻቸው ጋር ሲጠጡ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ያ አንካሳ ወንድማቸው ያሮስላቭ በጀልባ ተሻግሮ እንደደረሰባቸው አስረዱ። ከጓደኞቹ አንዱ ነገ ሠርግ እንጂ ጦርነት እንዳልሆነ፣ ወንዝ የሚሻገር ሰውም እንደሌለ በትሕትና ገለጸላቸው።

“እነሱም ያሉት ይህንኑ ነበር” አሉ አርሂፕ ናኡሞቪች፣ ቁልፉንም ኪሳቸው ከተቱት።

ከጎረቤታቸው ከሳፎን ጋር የአጥር ጠብ አላቸው። ክርክሩ ስለ አንድ ክንድ ጎመን መደብ ነው፤ አርሂፕ ናኡሞቪች ግን ጉዳዩን የሚያዩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1097 በተካሄደው የመሳፍንት ጉባኤ መሠረት ነው። ያ ጉባኤ ሁሉም የአባቱን ርስት ይያዝ ብሎ ወስኗል፤ መስቀልም ተስሞበታል። ሳፎን በበኩሉ ለጉባኤው እንዳልተጠራ፣ ቢጠራም ፍየሉን የሚጠብቅለት ሰው ስለሌለ እንደማይሄድ ይመልሳል። ፍየሏ በየዓመቱ ጉባኤውን ጥሳ ጎመኑን ትበላለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ታዲያ በየቅዳሜው አንድ ባኛ፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ይታጠባሉ፤ እንደ ባኛ ልማድ አንዱ የአንዱን ጀርባ በበርች ዛፍ ቅጠል ይጠበጥባል። ማን ጠንከር አድርጎ እንደሚመታ ከጠየቅሃቸው ጉባኤውን ያነሱብሃል።

ይህ ሁሉ ግን የጎን ነገር ነው። የአርሂፕ ናኡሞቪች ዋና ጉዳይ፣ ጠዋት የሚነሱበትና ማታ የሚተኙበት፣ የልዑል ስቪያቶፖልክ ክስ ነው።

ክሱ አጭር ነው። ስቪያቶፖልክ የቱሮቭ መስፍን ነበር። አባቱ፣ የኪየቩ ታላቅ መስፍን ቭላዲሚር፣ በሞተ ጊዜ ዙፋኑን ያዘ፤ ከዚያም፣ የገዳሙ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ሁለት ወንድሞቹን አስገደለ። ቦሪስን ድንኳኑ ውስጥ አስወጋው። ወደ ትንሹ፣ ወደ ግሌብ፣ አባትህ በጠና ታሞ ይጠራሃል የሚል መልእክተኛ ላከበት። ግሌብ አምኖ ገሠገሠ፤ መንገድ ላይም የገዛ ምግብ አብሳዩ አረደው። ሁለቱ ወንድማማቾች ቅዱሳን ሆኑ፤ ቤተ ክርስቲያን በስማቸው ታነጸ። ስቪያቶፖልክ “የተረገመው” ተባለ። በባዕድ በረሃ ሸሽቶ ሞተ፣ ከመቃብሩም ክፉ ሽታ ይወጣል ተብሎ ተጻፈ።

አርሂፕ ናኡሞቪች ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ አይቀበሉም። ወንድሞቹ በመሞታቸው የተጠቀመው ማን ነው፣ በኋላ ዙፋኑን የወረሰው ያሮስላቭ አይደለም ወይ ይላሉ። መጽሐፉን ያስጻፉት የማን ልጆች ናቸው ይላሉ። ስለ ሽታው ሲሆን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ “ከገዳም ወጥቶ የማያውቅ መነኩሴ፣ ኪየቭ ተቀምጦ፣ ከፖላንድ ወዲያ ያለ መቃብር ሸተተኝ አለ። ምስክሩ አፍንጫው ነው።”

ሰውየው እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው፤ እሑድን ቀርተው አያውቁም። በቦሪስና በግሌብ በዓል ቀን ግን፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሕዝቡ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ደህና ጫማ አድርጎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እሳቸው የዓሣ መቃጥናቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በኩል ወደ ፕሪፒያት ወንዝ ይወርዳሉ። በሌላ በኩል አጭር መንገድ አለ፤ በዚያ አይሄዱም። አባ አፋናሲ አንድ ዓመት ደጅ ላይ ጠብቀው አስቆሟቸው፤ የምንጸልየው በግፍ ስለሞቱ ሁለት ወንድማማቾች ነው፣ ይህ ምን ያስከፋል አሏቸው።

“ይጸልዩ፣ አባ” አሉ አርሂፕ ናኡሞቪች። “ሦስተኛውን ወንድም ግን አይስደቡብን።”

ታይሳ የወለደችው በዚያው በዓል ቀን ነው። አርሂፕ ናኡሞቪች ወንዝ ዳር ሳሉ ቪታል ከዚትኮቪቺ ከተማ ማዋለጃ ደውሎ ወንድ ልጅ ነው አላቸው። በደስታ የያዙትን ዓሣ በሙሉ ለሳፎን ሰጡት፤ ሳፎን ታመው እንደሆነ ብሎ እቤት ድረስ ተከተላቸው። ማታ ታይሳ ራሷ ደወለች። ስሙን ነገረቻቸው።

ግሌብ።

እማማ ኡልያና እንደሚሉት፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ቀኑ የቅዱሱ ቀን በመሆኑ ማንም እንደማይገረም፣ ግን ቀኑ የሌሎችም ቅዱሳን ቀን ሳይሆን እንደማይቀር በለሰለሰ ድምፅ አስረዱ። ታይሳ ስሙ ግሌብ ነው አለች። እንግዲያውስ፣ አሉ፣ ልጁን እወደዋለሁ፣ አሳድገዋለሁ፣ ዋና አስተምረዋለሁ፤ ያ ስም ግን ከእኔ አፍ አይወጣም።

አልወጣምም። ልጁ ቤት ከገባ ጀምሮ “አዲሱ ተከራይ” ነው፤ “ባለሟላችን” ነው፤ “ያ ማታ ማታ የሚያስተዳድረን” ነው። እሽሩሩ ሲሉት ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። ቪታል በሆዱ ይስቅ ነበር። ነገሩ እንዲህ እንደ ቀልድ ያልፍም ነበር፤ ክርስትናው ባይደርስ።

እነታይሳ ሰፈር፣ ከወንዙ ዳር ባሉት አሮጌ ቤቶች፣ አንድ ልማድ አለ። ልጁ ክርስትና ተነስቶ ሲመለስ፣ የበግ ቆዳ ካፖርት ጸጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ደፉ ላይ ይነጠፋል። የክርስትና እናቱ ልጁን እዚያ ላይ ታስተኛዋለች። ማንም አይነካውም። የቤቱ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ በስሙ ጠርቶ ያነሳዋል፤ ድምፁም ምድጃው ድረስ መሰማት አለበት። በስሙ ሳይጠራ የተነሳ ልጅ በዚያ ቤት እንግዳ ሆኖ ይኖራል ይላሉ ሴቶቹ። እማማ ኡልያና ባላቸው ስለ መሳፍንት ሲያወሩ ዕድሜ ልካቸውን ሹራብ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ግን ሹራቡን አስቀመጡና ቪታልን ጠሩት።

“ሂድ አነጋግረው” አሉት። “እኔን አይሰማም። ታይሳ ደግሞ እሱን ራሱን ናት። አንተ የፒንስክ ሰው ነህ፣ ቢቆጣህም አዲስ ነገር አይሆንብህም።”

ቪታል እንደ መካኒክ ተዘጋጀ። ከቤተ መጻሕፍት ዜና መዋዕሉን ተውሶ፣ ስለ ስቪያቶፖልክ የሚያወራውን ሁሉ ከመጀመሪያው አነበበ፤ ብልሽቱ የቱ ጋ እንደሆነ ካወቅኩ እጠግነዋለሁ ብሎ አስቦ ነበር። በክርስትናው ዋዜማ፣ አማቹ ድንች ሲያወጡ፣ ባልዲ ይዞ አጠገባቸው ቆመ።

በልጁ ጀመረ። ልጁ ምንም አላጠፋም አለ። አርሂፕ ናኡሞቪች ልጁን ማን ከሰሰው ብለው አካፋቸውን ረገጡ። ስም ብቻ ነው አለ ቪታል። ስም ብቻ ከሆነ ሌላ ስም አውጡለት አሉ። ባልዲው ግማሽ ሲሆን ቪታል ዋናውን መሣሪያ አወጣ።

“እኔ እኮ አንብቤዋለሁ፣ አርሂፕ ናኡሞቪች” አለ። “መጽሐፉ ገና ሲነሳ ነው ስለ እሱ የሚናገረው። ስቪያቶፖልክ የሁለት አባት ልጅ ነው ይላል። እናቱ የቭላዲሚር ወንድም ሚስት ነበረች፤ ወንድሙ ሲገደል ቭላዲሚር ነፍሰ ጡር ሳለች ወሰዳት፤ ስለዚህም አልወደደውም ይላል። እንግዲህ ሰውየው ከመነሻው…”

አካፋው መሬት ውስጥ ቀረ።

“ያቺን ቦታ እቤት ለሰው አንብበሃታል?” አሉ አርሂፕ ናኡሞቪች።

“ለማን?”

“ለታይሳ።”

“አላነበብኩላትም።”

“እንዳታነብላት።”

ወደ መሬቱ ተመለሱ። አንድ መደብ ጨረሱ። ከዚያ ቀና ሳይሉ መናገር ጀመሩ፤ ድምፃቸው የሜዳው ድምፅ አልነበረም።

“ቭላዲሚር ሲያገባት እርጉዝ መሆኗን ያውቃል። እያወቀ ነው የወሰዳት። ልጁ ሲወለድ ግን ፊቱን አዞረበት፤ ሲያድግ ወደዚህ ረግረግ ላከው፤ በኋላም አሠረው። ለዚህ ሰው ሻማ እናበራለን፣ ቅዱስ ነው እንላለን። ልጁን ደግሞ ከማኅፀን ጀምሮ ክፉ ነበር አሉት። ከማኅፀን፣ ቪታል። ገና ምን አደረገ? እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዕሩ የሚሰበርበት ቦታ የለም?”

ቪታል ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በሠርጉ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ዱባ ሲልጡ፣ አንዷ ሙሽራዋን አይታ ቁመቷ ቁርጥ የዚያ መሐንዲስ ቁመት ነው ስትል፣ ሌላዋ በክርኗ ጎሸም አድርጋ ዝም እንዳሰኘቻት ትዝ አለው። ረግረጉ ሲደርቅ ከሩቅ የመጡ መሐንዲሶች ቱሮቭ ውስጥ ሁለት በጋ ተቀምጠው እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሥራው ሲያልቅ ሄዱ። አርሂፕ ናኡሞቪች አጭር ሰው ናቸው፤ እማማ ኡልያናም እንዲሁ። ቪታል ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ ደምሮ አያውቅም ነበር። ባልዲውን አነሳና ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ ሰው ጋር የጀመረውን ክርክር ትቶ ወደ ቤት ገባ።

ታይሳ ልጁን እያጠባች ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ የተባለውን ቦታ ብቻ ሊዘል ሞከረ፤ እሷ ራሷ ሞላችለት።

“የሁለት አባት ልጅ” አለች። “ዘጠኝ ዓመቴ ነበር የሳፎን ሚስት የነገረችኝ፣ እዚያው ዳቦ ሰልፍ ላይ። ክፋቷም አይደለም፣ አፏ አያርፍም ነበር። እየሮጥኩ እቤት ስመጣ አባዬ ደጅ ቁጭ ብሎ የብስክሌቴን ጎማ ይለጥፋል። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ‘የት ነበርሽ፣ ያዢልኝ እንጂ’ አለኝ። ያዝኩለት። ከዚያ ወዲያ ምን ልጠይቀው?”

“ለምን ታዲያ አልነገርሽውም?”

“ደብቄላታለሁ ብሎ ደስ ብሎት ነበራ።”

“እና ግሌብ ያልሽው እልህ ነው?”

ታይሳ ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው። “ዕድሜውን ሙሉ ስለ እኔ ተሟገተ” አለች። “በሰልፍ፣ በአውቶቡስ፣ በባኛ፤ ከማያውቀው ሰው ሁሉ ጋር። የከሰሰኝ ሰው ግን የለም። ጠበቃ ሆኖ እንዲያረጅ አልፈልግም። አያት ይሁን።”

በማግስቱ ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ሲሉ ታይሳ የአባቷን አንገትጌ እያስተካከለች አንድ ነገር ስትነግራቸው ቪታል ከደጅ አየ። የሰማው መጨረሻውን ብቻ ነው።

“ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ፣ አባዬ።”

“ምኑን?” አሉ።

“ሁሉንም። ና አሁን፣ አባ አፋናሲ ይጠብቃሉ።”

አርሂፕ ናኡሞቪች ግን አልሄዱም። እግሬን አመመኝ አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስሮጡ የኖሩ ሰው እግሬን ሲሉ ማንም አላመነም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እማማ ኡልያና መንገዱን በሙሉ ዞር እያሉ እያዩ ሄዱ። ቅዳሴው ላይ ቪታል አንድ ቃል አልሰማም። እንግዶቹ ፊት፣ በዚያ ካፖርት ላይ፣ ልጁ ሳይጠራ ቢቀር ታይሳ ምን እንደምትሆን ነበር የሚያስበው።

ሲመለሱ ካፖርቱ ደፉ ላይ ተነጥፏል። ጸጉሩ በማበጠሪያ ተበጥሯል። አርሂፕ ናኡሞቪች የሠርጋቸውን ኮት ለብሰው፣ ቁልፉ ባይገጥምም፣ ከኋላው ቀጥ ብለው ቆመዋል። የክርስትና እናቱ ልጁን አስተኛችውና፣ ያልተጠመቀ ወሰድን፣ የተጠመቀ አመጣን አለች። ሳፎን ሳይቀር ቆቡን አወለቀ።

ሽማግሌው ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ። ልጁን ብዙ አዩት፤ እማማ ኡልያና የጨበጡት መሐረብ ከጣታቸው እስኪወጣ።

“ግሌብ” አሉ። የሜዳው ድምፃቸው ነበር፤ ምድጃው ድረስ ተሰማ። ልጁ ደንግጦ ዓይኑን ከፈተ። አነሱትና ወደ ደረታቸው አስጠጉት፣ ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለእሱ ብቻ እንደሚናገሩ ሁሉ፣ “መልእክተኛ ልከው ቢጠሩህ፣ ግሌብ፣ ዝም ብለህ እንዳትሄድ። በመጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ” አሉት።

ታይሳ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ድስት የምታነሳ መስላ ነበር የገባችው፤ ድስት ግን ሲነሳ አልተሰማም።

ሳፎን ግን ነገሩን አላለፈውም። ለዚህ ቀን ሠላሳ ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ይመስል አንገቱን አሰገገ።

“ቆይ፣ አርሂፕ” አለ። “መልእክተኛ ተልኳል ካልክ፣ አመንክ ማለት ነው። መስፍንህ ልኮበታል።”

እንግዶቹ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። አርሂፕ ናኡሞቪች አፋቸውን ከፈቱ፤ የያሮስላቭ ስም ምላሳቸው ጫፍ ላይ እንደደረሰ ፊታቸው ይናገራል። ከዚያ ትከሻቸው ላይ ያረፈውን የልጁን ጭንቅላት ጎንበስ ብለው አዩ።

“ድምፅህን ዝቅ አድርግ” አሉት ለሳፎን። “ልጁ እንቅልፉ መጥቷል።”

ወደ ውስጥም ገቡ። ሰው ሁሉ ተከትሏቸው ወደ ገበታው ሄደ። ቪታል ካፖርቱን ለማንሳት ብቻውን ወደ ኋላ ቀረ። ይህ ሰው አንድ ቀን ዝም ቢል ብሎ የተመኘባቸው ምሳዎች ቁጥር የላቸውም። አሁን ግን ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ደፉ ላይ ቆመና፣ ለሳፎን ሊሰጡት የነበረውን መልስ መስማት ፈልጎ እንደነበር ገባው።